የነባር እድርተኞቻችንን የሕይወት ታሪክ በሕይወት ሳሉ ስለመጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሠፈሮች በአንዱ፣ የእድራችንን ነባር አባላት እየጠየቅን ታሪካቸውን የምንጽፍ ጥቂት ሰዎች ነን። ከሽምብጥም ከግሽ ዓባይም ከሌሎች ሠፈሮችም ያሉ እድሮች እንዴት እንደሚጀመር ስለሚጠይቁን፣ ደጋግመው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አስቀምጠናል።

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አለ አይደል? ሌላ ለምን ያስፈልጋል?

አለ። ችግሩ የሚጻፍበት ሰዓት ነው። ሰው ሌሊት ያርፋል፤ ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል። ረፋድ ላይ አንድ የልጅ ልጅ ስልኩን ይዞ ጥግ ይቀመጥና ከሚያለቅሰው ሰው መካከል «የእማማ አባት ስም ማን ነበር? የተወለዱት ደራ ነው ፎገራ?» እያለ ይለቅማል። ቀብሩ የዚያው ቀን ስለሆነ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም። በመጨረሻ የሚነበበው ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ነው፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፤ በተለያዩ የሥራ መደቦች አገለገሉ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ስሙን ብትለውጡት ለማንም ይሆናል። «በተለያዩ የሥራ መደቦች» በምትለው ሐረግ ውስጥ የአንድ ሰው የሠላሳ ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሳይነገር ይቀራል።

ልጆቹ ጥፋተኞች አይደሉም። ብዙውን ጊዜ አባትና እናት ስለ ራሳቸው ለልጆቻቸው አያወሩም። እድርተኛ ግን ለዓመታት ጎን ለጎን ለቅሶ ተቀምጧል፤ ድንኳን አብሮ ተሸክሟል፤ ሲመሽ ካርታ እየተጫወተ አብሮ አድሯል። ልጅ ያልሰማውን ጎረቤት ያውቃል። ሥራው ከእድሩ ቢጀምር የሚሻለው ለዚህ ነው።

በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ መጻፍ ሟርት አይሆንም?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በቀላሉም መታለፍ የለበትም። «ልትቀብሩኝ ቸኮላችሁ እንዴ?» ብለው የተቆጡ ሽማግሌ አሉን።

እኛ የምንለው ይህን ነው። እድር የገባ ሰው ለራሱ ቀብር የሚሆነውን ድንኳንና ወንበር በየወሩ እየከፈለበት ነው። ያ ሟርት ካልሆነ ታሪኩን መጻፍም ሟርት አይሆንም። ደግሞም በሕይወት ሳሉ የሚጻፍ ታሪክ ትልቁ ጥቅም ባለቤቱ መስማቱ ነው። የጻፍነውን ይዘን ሄደን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆችና ጎረቤት ባሉበት እናነብላቸዋለን። ያኔ «ኧረ እሱ እንዲህ አይደለም» ብለው ያርማሉ፤ የረሱት ትዝ ይላቸዋል፤ ልጆቻቸው ሰምተውት የማያውቁትን ይሰማሉ። ቀብር ላይ ማንም ማንንም አያርምም።

ዓላማውን ግን አትደብቁ። «ለሠፈር ታሪክ ብቻ ነው» ብሎ አታሎ መጻፍ ነውር ነው። ለእድሩ መዝገብም ለቤተሰብም እንደሆነ፣ አንድ ቀንም በድንኳኑ ሥር እንደሚነበብ በግልጽ ይነገራቸው። አልፈልግም ያለ ይተዋል፤ በሽማግሌ መለመን አያስፈልግም። የጎረቤታቸው ታሪክ ሲነበብ የሰሙ ብዙዎች ራሳቸው «የእኔስ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ማን ይቅደም?

በሹመት አትጀምሩ። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ ታሪካቸው በቃለ ጉባኤም ቢሆን በከፊል ተጽፏል። ማስታወሳቸው ወይም መስማታቸው እየደከመ ያሉት ይቅደሙ። ቀጥሎ ልጅ የሌላቸው፤ እነሱን ነገ የሚጠይቅልን የለም።

ስለ ሴቶች ግን አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን። የአብዛኛው እድር መዝገብ በባል ስም ነው። ሚስት «ባለቤት» ተብላ ገብታ፣ ስሟ ባሏ ሲሞት መዋጮውን መክፈል ስትጀምር ብቻ ይታያል። እድሩን ለቅሶ ቤት ውስጥ ያቆመው ግን የእነሱ እጅ ነው። ንፍሮውን የቀቀሉ፣ በሌሊት ሊጥ ያቦኩ፣ ብረት ድስቱን ቆጥረው አውጥተው ቆጥረው ያስገቡ እነሱ ናቸው። አንዲት እናት ስናነጋግር በየለቅሶው ስንት እንጀራ እንደሚበቃ እንዴት ያውቁ እንደነበር ጠየቅናቸው። ድንኳኑን አያዩም፤ የሟቹን ወንድሞች ቁጥርና የመጡበትን አገር ይጠይቃሉ። የገጠር ዘመድ ካለ ለሠልስቱ አድሮ ይቆያል፣ የከተማው ግን ከቀብር ይመለሳል፤ በዚያ ያሰላሉ። ይህን የሚያህል እውቀት በ«ደግና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ሊታለፍ አይገባም።

ጡሩንባ ነፊውንም አትርሱ። በሌሊት በየትኛው መንገድ እንደሚዞር፣ የማንን በር ቀስ ብሎ እንደሚያንኳኳ፣ ልበ ድኩም ለሆነ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያደርስ የሚያውቀው እሱ ነው። ስልክና ቴሌግራም ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀንሷል፤ ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው።

የተወለዱበትን ዓመት የማያውቁ ከሆነስ?

አብዛኞቹ አያውቁም፤ መታወቂያው ላይ ያለውም ብዙ ጊዜ የተገመተ ነው። ዓመት አትጠይቁ፤ በዘመን ምልክት ጠይቁ። ሁላችንም የምናውቃቸው አሉ፦ ጣሊያን በ1928 መግባቱና በ1933 መውጣቱ፣ የታኅሣሥ 1953 ግርግር፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የግንቦት 1983 የመንግሥት ለውጥ።

የባሕር ዳር ሰው ግን ከነዚህ ይልቅ የከተማዋን ነገር ያስታውሳል። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1953 ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው በ1955 ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ነው። ትርፍ ቤት የተወረሰው በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ያን ክረምት አይረሳውም። ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ (ፔዳጎጂው) ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው። ለቅርቡ ዘመን ደግሞ እምቦጭ ጣና ላይ የታየበት 2004 እና አዲሱ የዓባይ ድልድይ የተመረቀበት ግንቦት 2016 አለ።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። «ፋብሪካው ሲሠራ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?» «ድንጋይ አመላልስ ነበር» ካሉ ቢያንስ ጎረምሳ ነበሩ። «ጣሊያን ሲወጣ የፊት ጥርሴን ነቅዬ ነበር» ያለ ሰው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ 1926 ወይም 1927 አካባቢ ተወልዷል። የታናሽ ወንድም ወይም እኅት ዕድሜ ከታወቀ «እሷ ስትወለድ እርስዎ ይሄዱ ነበር ወይስ ይታዘሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያጠራል። ስትጽፉም «በ1926 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያን ሲወጣ ጥርስ በሚነቅሉበት ዕድሜ» ብላችሁ ከነምልክቱ አስቀምጡት። ከቁጥሩ ይልቅ ምልክቱ እውነት ነው፤ ኋላ ሌላ ሰው ቢያጣራ ከየት እንደመጣ ያውቃል።

ምን ብለን እንጠይቅ?

«እስቲ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩን» ካላችሁ ከላይ የጠቀስነውን የቀብር ጽሑፍ ራሳቸው ይደግሙላችኋል። ትንሽ ነገር ጠይቁ። ባሕር ዳር መጀመሪያ የመጡ ቀን ያደሩት ማን ቤት ነው? የመጀመሪያ ደመወዝዎን ምን ገዙበት? ይህን ቤት ሲሠሩ ጭቃውን ማን አቦካ? ብስክሌት መንዳት ማን አስተማረዎት? እድሩ የገቡት በማን ዋስትና ነው? የመጨረሻውን በተለይ ጠይቁ፤ ከአንድ ስም ተነሥቶ የሠፈሩ ዝምድና ሁሉ ይተረተራል።

ሥራቸውን በዝርዝር ጠይቁ። ፋብሪካ የሠሩ እናት «ፈትል ክፍል ነበርኩ» ካሉ፣ ክር ሲበጠስ እንዴት እንደሚቀጥሉት በጣታቸው እንዲያሳዩ ለምኗቸው። አንድ ጡረታ የወጡ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ሁልጊዜ ጮክ ብለው ስለሚናገሩ ሠፈሩ ቁጡ ናቸው ብሎ ይፈራቸው ነበር። ስንጠይቃቸው፣ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነጋገሩ ጆሯቸው ደክሞ፣ ድምፃቸው በዚያው ከፍ ብሎ ቀርቷል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በታሪካቸው ውስጥ ገብታ፣ ሲነበብ ልጆቻቸው እርስ በርስ ሲተያዩ አይተናል።

ከዘጌ የመጣ አባል ካላችሁ ስለ ቡናውና ስለ ጌሾው ጠይቁት፤ በበሬ በማይታረስ አገር አድጎ ሜዳ ላይ መኖር ምን እንደሚመስል ከሱ በቀር የሚነግራችሁ የለም። ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሆኑ፣ ታንኳ የሚሠሩ አባት ካሉ ደግሞ ሙሉ ቀን ስጧቸው። ደንገሉ በየትኛው ወቅት እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ፣ በምን እንደሚታሰር፣ ታንኳው ውኃ እየጠጣ ሲከብድ መቼ እንደሚጣል። እንጨትና ሌላ ጭነት በታንኳ ወደ ከተማ ይመጣ የነበረበትን ዘመን በአካል የሚያስታውሱ ሰዎች እያነሱ ነው። እነዚህን ሰዎች በአንድ መስመር «ታንኳ ሠሪ ነበሩ» ብሎ ማለፍ በደል ነው ብለን እናምናለን።

ሲያወሩ አታቋርጡ። ካለቀሱ ጥያቄውን አትለውጡ፤ ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ለመቅዳት ስልክ ይበቃል፤ ጥሪ ገብቶ እንዳያቋርጥ የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ክረምት ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የተቀዳው ሁሉ አይሰማም።

ስማቸውን በየትኛው እንጻፍ?

በሁሉም። መዝገብ ላይ ያለው፣ ሠፈር የሚጠራቸው፣ እናታቸው ያወጡላቸው፣ የክርስትና ስማቸው። የክርስትና ስም ለፍትሐትና ለተዝካር ስለሚያስፈልግ፣ በሐዘን ቀን ቤተሰቡ ሲፈልገው ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናውቃለን። የቅጽል ስም ካለ ደስ የሚላቸው መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እድራችን ውስጥ ሙስሊም አባላት አሉ። ለነሱስ?

አጻጻፉ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚነበብበት ቦታ ነው። ጀናዛ ላይ የሕይወት ታሪክ ማንበብ ልማዱ ስላልሆነ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ተዕዚያ በተቀመጡበት ቀን በድንኳኑ ይነገራል፤ ወይም ለቤተሰቡ በወረቀት ይሰጣል። ፈቃዱን ከባለታሪኩ ጋር በሕይወት ሳሉ ጨርሱት። በኛ ሠፈር የሙስሊምና የክርስቲያን ጎረቤት አንዱ የአንዱን ድንኳን ሲተክል ስለኖረ፣ የአንዱ ታሪክ ያለሌላው ሙሉ አይሆንም።

ሙሾስ ይጻፋል?

ይጻፍ! በኛ አገር ከወረቀት በፊት የሰውን ታሪክ የምትናገረው ሙሾ አውራጇ ነበረች። ሟቹ እንዴት እንደሚራመድ፣ ማንን እንዳበላ፣ ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ በሁለት ስንኝ ታስቀምጠዋለች። ግን ለቅሶ ላይ ስልክ ዘርግቶ መቅዳት ሐዘንተኛውን ማሳፈር ነው። ከሠልስቱ በኋላ፣ ሐዘኑ በረድ ሲል፣ ያወረዱትን እናት ሄዳችሁ ጠይቁና በቃላቸው ያስጽፏችሁ። ቀደም ሲል ለሞቱ አባላት የተገጠመውንም ያስታውሳሉ።

ነውርና ጠብ፣ የፖለቲካም ነገር ቢነግሩንስ?

ይነግሯችኋል። በቀይ ሽብር ዘመን ልጅ ያጣ፣ የታሰረ፣ ጎረቤቱን የጠረጠረ ሰው በየእድሩ አለ። ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካሶ የሞተም አለ።

የኛ ደንብ ይህ ነው። የሚነበበውና የሚቀመጠው የተለያየ ነው። ባለታሪኩ «ይህ ለልጆቼ ብቻ» ያለው ለብቻው ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ እሱ ለመረጠው ሰው ይሰጣል፤ በእድሩ ካዝና አናስቀምጥም። በሌላ ሰው ላይ የሚያመለክት ክስ፣ ያ ሰው ወይም ልጆቹ ሠፈር ውስጥ እያሉ፣ በስም አንጽፍም። የራሱን ሐዘን ግን እንጽፋለን። እናት ልጇን ያጣችበትን ዓመት ከታሪኳ ማውጣት እሷን ማሳነስ ነው። እንዲሁም «ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ» ብላችሁ አትጻፉ። ሰው ሁሉ ተጣልቷል፤ እንዴት እንደታረቀ ብትጽፉ ይበልጥ ያከብረዋል።

አስቀድመው ስላረፉት ምን ማድረግ ይቻላል?

የድሮውን መዝገብ አውጡ። የእድር መዝገብ ደረቅ ይመስላል፤ ግን ሰው መቼ እንደገባ፣ መቼ መክፈል እንዳቃተው፣ ማን እንደከፈለለት፣ በማን ለቅሶ ላይ ቀርቶ እንደተቀጣ ሁሉ እዚያ አለ። ከዚያ ያንን ስም ይዛችሁ በዕድሜ እኩያው ወደሆኑት ሂዱ። ሁለት ሦስት ሆነው ቢቀመጡ ይሻላል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ያርማል፣ ሦስተኛው ይስቃል፣ ነገሩም ይወጣል።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች እንዴት ይሳተፉ?

ጥያቄ ይላኩ። «እናቴን ይህን ጠይቁልኝ» ብለው በድምፅ የሚልኩት ጥያቄ ከኛው ይበልጣል፤ እናትየውም ለልጇ ስትመልስ ሌላ ሰው ትሆናለች። አንድ ጥንቃቄ፦ እነሱ የሚልኩት ዓመት የፈረንጅ መሆኑን አረጋግጡ። ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ያለው ቀን ከሆነ 8 ቀንሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7። ይህ ሳይጣራ ሁለቱ አቆጣጠር ተቀላቅሎ፣ ሰው ከመወለዱ በፊት ትምህርት ቤት የገባበት ጽሑፍ ቀብር ላይ ሲነበብ ሰምተናል።

ፎቶውና ወረቀቱ የት ይቀመጥ?

ፎቶ ከቤተሰብ አትውሰዱ፤ እዚያው በስልክ አንሡት። ከመስታወቱ አውጥታችሁ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ጀርባው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊት ያልፋል። የተጻፈው ታሪክ በሦስት ቅጂ ይሁን፦ አንዱ ለባለታሪኩ፣ አንዱ ለእድሩ፣ አንዱ ሌላ ሠፈር ለሚኖር ልጅ ወይም ዘመድ። የእድሩን ዕቃ ቤት ወለል ላይ ምንም ወረቀት አታኑሩ። የክረምቱ እርጥበትና ምስጥ የስንቱን እድር የመጀመሪያ መዝገብ በልቷል።

ቀብር ላይ ስንት ገጽ ይነበብ? ማንስ ያንብብ?

አንድ ገጽ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ሐዘንተኛው ደክሟል። ከረጅሙ ታሪክ ውስጥ አንዱን ገጽ ከባለታሪኩ ጋር በሕይወት ሳሉ ምረጡ፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ይነበባል ብለው ከሚገምቱት ሌላ ይመርጣሉ። ሙሉው ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ፣ ሰው ተቀምጦ በሚሰማበት ጊዜ ይነበባል። አንባቢው የቅርብ ዘመድ ባይሆን ይመረጣል፤ መሐል ላይ ድምፁ ይያዛል። ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል ይታተም።

ወጪው ከየት ይመጣል?

ደብተር፣ ፎቶ ኮፒና የታክሲ ወይም የባጃጅ ነው፤ ብዙ አይደለም። ቢሆንም ከእድሩ ካዝና የሚወጣ ከሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰንና በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የሚጽፉትም ሰዎች እዚያው ይመረጡ። ቢያንስ አንዷ ከሴቶች እድር ትሁን፤ ያለዚያ እናቶች ወጥ ቤት የሆነውን ለወንድ ጸሐፊ አያወሩም።